የአባቴ ራስ በጭቃና በጤፍ ጭድ

አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ፤ እጄ ለጥበብ አልተፈጠረም። አንደኛ ደረጃ ሳለሁ ላም ሥዬ ሳስረክብ መምህሩ ወረቀቱን አገላብጠው አይተው «ጥሩ ወንበር ነው» ብለው ከአሥር አምስት ሰጥተውኛል። ከዚያ ወዲህ ብዕር የማነሣው ለመፈረም ብቻ ነው። ሥራዬም መዝገብ ቤት ነው፤ ጠዋት ፋይል አወጣለሁ፣ ከሰዓት ፋይል እመልሳለሁ። እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት አርባዎቹን ከጀመረች በኋላ መካኒሳ አቦ፣ እናቷ ግቢ ውስጥ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የሞተ አባቷን ራስ ከጭቃ ስታድቦለብል ብታዩ ምን ትላላችሁ? ሰፈሩ ያለውን ነው የምትሉት። ሰፈሩ «ምስኪን፣ ሐዘኑ አናወዛት» አለ።

ሐዘኑ አልነካኝም አልልም። ነክቶኛል። ጭቃውን ያስያዘችኝ ግን እናቴ ናት።

እናቴ ዓይኗን ካጣች ሁለት ዓመት አልፏታል። የዓይን ግፊት ነው ያሉን፤ ቀስ እያለ ከዳር ከዳር በልቶ ጨረሰው። ጠባይዋን ግን አልነካባትም። ቤቱን በእግሯ ታውቀዋለች፣ እንግዳውን በእርምጃው ትለየዋለች፣ ወንድሜን ገና ከበር ሲገባ «ዛሬም ያንን ጠባብ ጫማ ነው ያደረግከው?» ትለዋለች። እያየች ስትቆጣን ቢያንስ ፊቷን አይተን እንሸሽ ነበር፤ አሁን ከየት እንደምትጀምር አይታወቅም።

አባቴ የሞተው በድንገት ነው። ቁርሱን በላ፣ ለእናቴ ሬዲዮኑን ከፈተላት፣ «መጣሁ» ብሎ ወደ አልጋው ተመለሰ፣ አልመጣም። ድንኳን ተተከለ፣ እድሩ መጣ፣ ለቅሶ ደራሹ መጣ፣ እናቴም በወጉ አለቀሰች። እኔ ከእሷ ጋር ለማደር ልብሴን በአንድ ሻንጣ ይዤ ገባሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጸሎት ተደርጎ ሰው ሲበተን ነው ወንድሜ ፎቶውን ይዞ የመጣው።

ታላቅ ወንድሜ ለቡ መብራት ኃይል ነው የሚኖረው። የግንባታ ፎርማን ነው፤ ነገርን በትልቁ ካልሠራው የሠራው አይመስለውም። የአባታችንን የመታወቂያ ፎቶ አንድ ሜትር አሳክሎ፣ ወርቃማ ፍሬምና መስታወት አስገብቶ አመጣው። አባቴ እዚያ ፎቶ ላይ ሦስት ሰዓት ተሰልፎ የተናደደ ሰው ነው የሚመስለው፤ ተሰልፎም ነበር፣ ተናዶም ነበር። ወንድሜ ፎቶውን ግድግዳ አስደግፎ እናቴን በክንዷ አቀረባትና «እማዬ፣ እዪው እስቲ» አላት። አፉ አምልጦት ነው።

እናቴ እጇን ዘርግታ መስታወቱን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰች።

«መስኮት ልታስገባልኝ ነው?» አለች።

«አባዬ ነው፣ እማዬ።»

«ይሄ ልሙጥ ነገር? አባትህ እንዲህ ልሙጥ ሆኖ አያውቅም።»

ልስቅ ስል ፊቷን አየሁና ተውኩት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ከዚያ ለእሱም ለእኔም ሳይሆን ለራሷ እንደምትነግር «ፊቱ እየጠፋኝ ነው» አለች። «ድምፁ አለ። ሳሉ አለ። ፊቱን ልጠራው ስል ግን አይመጣም። ሁለት ዓመት አላየሁትማ። ሁልጊዜ አጠገቤ ነው ብዬ ሳልይዘው ቀረሁ።»

ወንድሜ ፎቶውን ይዞ ቆሞ ቀረ። እኔ ደግሞ ጠባዬ ሆኖ ዝምታ አልችልም፤ አንድ ሰው ዝም ሲል የሆነ ነገር ቃል ካልገባሁ ያመኛል።

«እኔ እሠራልሻለሁ» አልኳት።

«ምኑን?»

«ፊቱን። በእጅሽ የምትዳስሺው አድርጌ። ለአርባው አደርስልሻለሁ።»

እናቴ ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች። «አንቺ? ላሟን ወንበር ያደረግሻት?»

ካፍ የወጣ አፋፍ ነው። ሃያ ስምንት ቀን ነበረኝ።

መጀመሪያ የያዝኩት ጭቃ አልነበረም፤ ሊጥ ነበር። ጓዳ ውስጥ ለዳቦ የተቦካ ሊጥ አገኘሁና ለስላሳ ነው፣ እጅ ይታዘዛል ብዬ ጠዋት ራስ የሚመስል ነገር ሠርቼ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። እርሾ እንዳለበት ማን ያስታውሳል። እስከ ምሳ ድረስ ጉንጩ ተነፋ፣ ዓይኑ ጠበበ፣ አንገቱ ጨርሶ ጠፋ። እናቴን ጠራኋት። ዳሰሰችውና «ጥርሱን አሞታል እንዴ?» አለች። ሌላ ነገር ሳትጨምር ውሻችን ከኋላዬ ዘሎ ግማሽ ፊቱን ነጥቆ ሮጠ። እኔ ውሻውን ተከትዬ ግቢውን ስዞር እናቴ ካለችበት ሆና «ምኑን ወሰደው?» ትላለች።

«አገጩን!»

«ተይው። አገጩ ልክ አልነበረም።»

ከአጥራችን ጀርባ የሚኖሩት ሽማግሌ ይሄን ሁሉ ቆመው ሲያዩ ነበር። እሳቸው እኛ ሳንመጣ በፊት የነበሩ ናቸው። የኛ ሳሎን ያለበት ቦታ የአባታቸው የጤፍ ማሳ እንደነበረ በዓመት አንዴ ያስታውሱናል፤ ክፋት የለበትም፣ እንዲያው እንድናውቀው ያህል ነው። ዛሬ ፊት ለፊት ሁለት ሱቅ አከራይተው፣ ጓሮ ሁለት የወተት ላም ይዘው፣ ፉሪ ጫፍ ላይ የቀረቻቸውን ቁራሽ መሬት ደግሞ እስካሁን ያርሳሉ።

«ሊጥ ለሆድ ነው» አሉኝ። «የሚቆም ነገር ከፈለግሽ ጭቃ ነው።»

«ጭቃ እኮ ለግድግዳ ነው፣ አባባ።»

«አባትሽስ የዚህ ቤት ግድግዳ አልነበረም?»

ለጥጃ ቤታቸው ምርጊት ያቦኩት ጭቃ ነበራቸውና ሁለት ባልዲ ሰጡኝ። ለማያውቅ ልናገር፤ የምርጊት ጭቃ ዝም ብሎ አፈርና ውሃ አይደለም። ከጤፍ ጭድ ጋር ተደባልቆ ጭዱ እስኪበሰብስ ሳምንታት ይተኛል፣ በየጊዜው በእግር ይረገጣል፣ ያኔ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ሲደርቅም ቶሎ አይሰነጠቅም። ሽታውን ግን ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁም። ጫማዬን አውልቄ ገባሁበት። ሽማግሌው አጥሩን ተደግፈው አዩኝ አዩኝና «አረጋገጥሽ የደሞዝተኛ ነው፤ ተረከዝሽን ተጠቀሚ» አሉ።

ሽታው በሳሙና አይለቅም። ሰኞ ቢሮ ስገባ አለቃችን አፍንጫቸውን ይዘው «እዚህ ክፍል ውስጥ አይጥ ሞቷል» አሉ። አራት ሠራተኞች ሦስት ቁም ሣጥን ከግድግዳ አላቀው ፈለጉ። እኔም አብሬ ፈለግሁ። ምን ላድርግ፣ አባቴ ነው ልበል?

ከዚያ በኋላ የየቀኑ ሥርዓት አንድ ሆነ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ እመለሳለሁ፣ ራሱን የተገለበጠ ባልዲ ላይ አስቀምጬ እሠራለሁ፣ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል እናቴ ትመጣለች። ማዕድ ልትቀርብ እንደሆነ ሁሉ እጇን ትታጠባለች፣ ነጠላዋን ወደ ኋላ ትጥላለች፣ ጎንበስ ትላለች። ፍርዷ አጭር ነው።

የመጀመሪያው ቀን «ድንች» አለች።

በሦስተኛው ቀን «ይሄ የእድራችን ጸሐፊ ነው። ቤቴ ምን ይሠራል?» አለች። እውነቷን ነው። ከለቅሶው ወዲህ የእድሩ አንድ ብረት ድስት ጠፍቶ ጸሐፊው በየማለዳው እየመጣ ሲጠይቀን አገጩ ዓይኔ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

በሳምንቱ ደግሞ ረዘም አድርጋ ዳሰሰች። ተስፋ አደረግሁ። «ይሄስ አንቺ ነሽ» አለች። «ስትቆጪ።» ነደደኝ። ያንኑ ራስ ባልዲ ውስጥ መልሼ በተረከዜ ረገጥኩት፤ ሽማግሌው «አሁን ገና ለመድሽ» አሉኝ ከአጥሩ ማዶ።

አፍንጫው ላይ ስንደርስ ጠብ ተነሣ። እናቴ «ወደ ግራ ዘመም ይላል፤ በወጣትነቱ ኳስ መትቶት ነው» አለች። እኔ የማውቀው ከብስክሌት ወድቆ እንደሆነ ነው፤ ራሱ ነው የነገረኝ። በዚያው ሰሞን ወንድሜ መጣና «ምን ኳስ፣ ምን ብስክሌት፤ ሌባ አባርሮ ይዞ በቡጢ ተመትቶ ነው» አለ። ሦስታችንም ምለን ተገዝተን ተከራከርን። ለካ አባዬ ለየአንዳንዳችን የሚስማማንን እየመረጠ ነው የነገረን። ወደ ግራ እንደሚዘም ብቻ ተስማማንና እንደዚያው አደረግሁት።

ወንድሜ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው ውስጥ ገባ። መጀመሪያ «በሰው መሳቂያ ልታደርጊን ነው» ያለኝ ሰውዬ ሜትሩን ከኪሱ አወጣና ያንን ትልቅ ፎቶ ከግንባር እስከ አገጭ፣ ከጉንጭ እስከ ጉንጭ ይለካ ጀመር። ቁጥሩን እጁ መዳፍ ላይ ጻፈ፣ አካፈለ፣ አባዛ። በሱ ልኬት ስሠራው አባዬ የበቅሎ ፊት ወጣለት። «ስሌቱ ልክ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። «እንግዲያው አባታችን ነበር ልክ ያልነበረው» አልኩት። ሜትሩን ኪሱ ከተተና እየተነጫነጨ በእጁ ያስተካክል ገባ። ከልጅነታችን ወዲህ እንዲህ ጎን ለጎን ቁጭ ብለን ጭቃ ይዘን አናውቅም። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ለምን ደስ አለሽ ብዬ ራሴን ተቆጣሁ።

አንድ ቀን የንስሐ አባታችን የአርባውን ጸሎት ሊነጋገሩ መጡ። በግቢው ሲያልፉ በእርጥብ ጆንያ የተሸፈነውን ነገር አይተው «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

«አባቴ ነው» ብዬ ገለጥኩላቸው።

አባ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። መስቀላቸውን አነሡ። የተቀረጸ ምስል በእኛ ዘንድ ደግ እንዳልሆነ፣ ሰው ሳያስበው ወደ ጣዖት ሊወስደው እንደሚችል ቀስ ብለው ያስረዱኝ ጀመር። እናቴ ከበረንዳው ሰምታለች።

«አባቴ፣ አይስጉ» አለቻቸው። «ለሱ የሚሰግድ እዚህ ቤት የለም። በቁሙም አልሰገድንለት።»

አባ መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው መለሱ። ከዚያ ቀረብ ብለው ራሳቸውን ወደ ቀኝ ወደ ግራ ዘንበል እያደረጉ አዩት። «ግንባሩ ግን» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ትንሽ ሰፋ ያለ አልነበረም?» አንድ እፍኝ ጭቃ ጨመርንበት።

በሠላሳ ሁለተኛው ቀን ራሱ አለቀ። ሳልኩራራ ልናገር፣ እሱን ይመስል ነበር። ወንድሜ አይቶት «ራሱ ነው» አለ። ሽማግሌው አጥሩን ዞረው መጥተው «እንደምን ዋልክ» አሉት፣ ቀልዳቸውን እንደሆነ እንጃ። እኔ የእናቴን እጅ ይዤ አቀረብኳት። ግንባሩን ዳሰሰች፣ ቅንድቡን፣ ዘመም ያለውን አፍንጫ፣ ከንፈሩን፣ አገጩን። ደግማ ከላይ ጀመረች። እጇ ፈጠነ፣ የጠፋባትን ቁልፍ ቦርሳ ውስጥ የምትፈልግ ይመስል። ከዚያ ቆመች።

«ጥሩ ሥራ ነው» አለች። «በጣም ደክመሻል፣ ልጄ። እግዚአብሔር ይስጥሽ።»

እናቴ ትሕትና ከጀመረች ነገር አልቆለታል ማለት ነው። «ድንች» ብትለኝ በወደድኩ ነበር።

«እሱ አይደለም?» አልኳት።

«እሱ አይደለም» አለች። «ግን ይበቃል። ተይው።» እጇን ታጥባ ገባች። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩና አለቀስኩ። በቀብሩ ቀን ያላለቀስኩትን ሁሉ ነው ያለቀስኩት። ለቅሶ ላይ ወንበር ስቆጥር፣ ንፍሮ ሳስቀርብ፣ ሰው ስሸኝ አባቴ የሞተ አልመሰለኝም ነበር። ያን ቀን ሞተብኝ። እሱን ላላመጣላት፣ እኔም ላላገኘው፣ ሁለት ባልዲ ጭቃ ነው የያዝኩት።

በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ብወጣ አናቱ ላይ ተሰንጥቋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ባልዲው ውስጥ እመልሰው ነበር፤ ግን እልህ ያዘኝ። ለአርባው ብያለሁ፣ ለአርባው አናት ያለው ራስ ይቆማል። የተብላላው ጭቃ አልቋል። ሽማግሌው ጋ ሄጄ ከክምራቸው ደረቅ ጭድ ለመንኳቸው።

«ይሄ የዘንድሮ ነው» አሉኝ። «ሳትደባልቂው አራግፊው። ውቂያው ላይ ሳይራገፍ የቀረ ፍሬ አለበት።»

«እሺ» አልኩ። ላራግፈውም አልኩ። ግን ቢሮ ረፍዶብኝ ነበር፣ ንዴቴም አልበረደም ነበር፣ ጭድ ማራገፍ ደግሞ የሚያስነጥስ ሥራ ነው። እንዳለ ከአፈር ጋር ለውሼ አናቱን በሙሉ ደፈንኩት፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቀለልኩት። ያ ሳምንት መሥሪያ ቤታችን ፋይሎችን ወደ ሌላ ክፍል የምናዛውርበት ነበርና እያመሸሁ ስለምገባ እናቴን «እንዳይሰነጠቅ በየቀኑ ጆንያው ላይ ትንሽ ውሃ ርጪበት» አልኳት። እናቴ ትንሽ የሚባል ነገር አታውቅም። ጠዋት አንድ ጣሳ፣ ማታ አንድ ጣሳ።

ከአርባው በፊት በነበረችው የመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ መጣ፤ ወንበር ሊያመላልስልን ነው። ራሱን ወደ በረንዳ እናውጣው ብለን ጆንያውን ገለጥኩ።

አባቴ ጠጉር አብቅሏል። አረንጓዴ። ከግንባሩ ጀምሮ እስከ ማጅራቱ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ የጥፍር ወርድ የሚያህል ቡቃያ።

ወንድሜ «በቃ፣ አበላሸሽው» አለ። እኔን ሳቅ ይዞኛል፣ ያውም የማይረባው ዓይነት፣ የማይቆመው። ሽማግሌው ሳቄን ሰምተው ብቅ አሉ። «አራግፊው አላልኩሽም?» አሉ መጀመሪያ። ከዚያ ቀርበው በሁለት ጣታቸው ቡቃያውን ያዝ አደረጉ። «ያ ዋቅ፣ አምላኬ፣ እንዴት ያማረ ነጭ ጤፍ ነው» አሉ፣ የራሳቸው እርሻ ነዋ።

ቢላ አምጥቼ ልፍቀው ስል እናቴ ከበረንዳው «ምን ሆነ?» አለች።

«ምንም።»

«ውሸታም።»

በእጇ አጥሩን ይዛ፣ ከዚያ የልብስ ማስጫውን፣ ከዚያ የኔን ትከሻ፣ መጣች። ሳልከለክላት መዳፏን አናቱ ላይ አሳረፈች።

ልትስቅ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እጇ ቆመ። ከዚያ መዳፏን ወደ ፊት ገፋች፣ ወደ ኋላ ሳበች። ደግማ ገፋች፣ ደግማ ሳበች።

«አራት ቀኑ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ከተላጨ አራት ቀኑ። አራተኛው ቀን ላይ እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ወደ ፊት ሲሉት ይለሰልሳል፣ ወደ ኋላ ሲሉት ይወጋል።»

ልጆች ሳለን ቅዳሜ ቅዳሜ ጓሮ በርጩማ ላይ አስቀምጣ አባዬን በምላጭ ስትላጨው እናይ ነበር፤ ረስቼው ነበር። ዓይኗ ከጠፋ በኋላ ፀጉር ቤት የሚሄድ ነበር የሚመስለን። እንደዚያ አልኳት።

«የምን ፀጉር ቤት» አለች፣ ተቆጣች። «እስከ መጨረሻዋ ቅዳሜ እኔ ነኝ የላጨሁት።»

«ሳታዪ? በምላጭ?» አለ ወንድሜ።

«እጄ ያያል። አንድ ቀን ቆርጬው አላውቅም። ሁልጊዜ እጠይቀዋለሁ፤ ‹ቆረጥኩህ?› እለዋለሁ፣ ‹ኧረ ምንም› ይለኛል።»

እኔና ወንድሜ ተያየን። በነዚያ ሁለት ዓመታት አባዬ በበጋውም በክረምቱም የሱፍ ኮፍያ ከራሱ አላወለቀም። ከኮፍያው ሥር ፕላስተር ብቅ ሲል «ምን መታህ?» እንለዋለን። «የጓዳው በር ነው፣ ዝቅተኛ ነው፤ ለእናታችሁ እንዳትነግሩ፣ ትጨነቃለች» ይለናል። ወንድሜ ሠራተኛ ይዞ መጥቶ የጓዳውን በር በሃያ ሳንቲ ሜትር አስነሣለት። በሚቀጥለው ሳምንት ፕላስተሩ በሌላ በኩል ተለጥፎ አየነው። «የውሃ ታንከሩ ነው» አለ። ወንድሜ ታንከሩንም አስነሥቶታል። እንዴት ያለ ቆዳ ነበረው፣ እንዴት ያለ ሆድ። ወንድሜ ዞር ብሎ ወደ ጓዳው በር ሲያይ አየሁት።

«ምላጭ አምጪልኝ» አለች እናቴ። «ሳሙናም። ያቺን አሮጌ ፎጣም።»

«እማዬ፣ ጭቃ እኮ ነው፤ ይሟሟል» አላት ወንድሜ።

«ቀስ ብዬ ነው።»

በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ፎጣውን ጭኗ ላይ ዘርግተን ራሱን በጉልበቶቿ መሃል አስቀመጥንላት። ሳሙናውን በእጇ አረፋ አድርጋ ቀባችው፤ አረንጓዴው በነጭ ተሸፈነ። ግራ እጇን አናቱ ላይ ጫነች፣ በቀኟ ምላጩን ያዘችና ከግንባሩ ጀመረች። ጭር ጭር ይላል። ቡቃያው ከአረፋ ጋር እየተጠቀለለ ይወርዳል። ውሃውም ይወርዳል፣ ከውሃው ጋር ያ ሦስት ታሪክ ያለው አፍንጫ ቀስ ብሎ ይቀልጣል፣ ቅንድቡ ይለቃል፣ አባ ያስጨመሩት ግንባር ጭኗ ላይ ይፈስሳል። ሃያ ቀን የደከምንበት ፊት ነው። እሷ ፊቱን አልነካችውም፣ ጉዳይዋም አልነበረም።

«አትነቃነቅ» አለችው። «አገጭህን ዝቅ አድርግ።»

ንግግሯ ለኛ መሆኑን አቆመ። ወሬ ታወራለት ጀመር፤ ማን ከሩቅ አገር ለለቅሶው እንደመጣ፣ ማን ሳይመጣ እንደቀረ፣ የእድሩ ድስት እንዳልተገኘ፣ ልጆቹ ያለ እሱ እንደሚነታረኩ፣ ሬዲዮኑን የሚከፍትላት እንዳጣች። እንባዋ ይወርዳል፣ ድምፅዋ ግን አይሰበርም፤ የቅዳሜ ድምፅ ነው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው አጥሩ ሥር ቆመዋል። እኔ እንባዬን በእጅጌዬ እጠርጋለሁ፤ ደግሞ ሳቄ አልወጣልኝም። ሁለቱ አንድ ላይ እንደሚመጡ አላውቅም ነበር።

ማጅራቱ ጋ ስትደርስ እጇ ዘገየ። ፊቷን ቀና አደረገች።

«መጣ» አለች። «መጣልኝ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ የታች ከንፈሩን ነክሶ። ስላጨው እንዲህ ነው የሚሆነው። አየሁት።»

እሷ ፈገግ ብላ፣ ያንን ፊት እንደያዘች፣ ወደ ግራ ጆሮው ዞረች። ምላጩን ከጆሮው በላይ አሳረፈችና ሳብ አደረገች። ጆሮው በሙሉ ተገንጥሎ ሲሚንቶው ላይ ጠብ አለ።

እጇ አየር ላይ ቀረ። ፈገግታዋ ጠፋ።

«ቆረጥኩት እንዴ?» አለች።

ጆሮው እግሬ ሥር ነው። ወንድሜ አፉን ሲከፍት አየሁና እግሩን ረገጥኩት።

«ኧረ ምንም» አልኳት።